ሙጫው ሳይደርቅ

አዋሽ ሰባት፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አይሱዙ እንደ ዶሮ በሚፈለፈልበት አገር ለምትገኚው ለተከበርሽው እህቴ ለሀምዳ ሙሐመድሰዒድ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። የአላህ ሰላም በአንቺ፣ በጎረቤቶችሽና እኛ በሌለን ማቀዝቀዣሽ ላይ ይሁን።

በጥልቅ ሐዘን ላሳውቅሽ ግድ የሆነብኝ ከባድ ነገር አለ። ቁጭ በይ። ከተቀመጥሽ ውኃ ያዢ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት ሲል የኖረ፣ ለእኛ ቤት ተርፎ ለጎረቤት የደረሰ ያ ግዙፍ ሰውነት ትናንት ከዐሱር በኋላ ትንሽ አጉረመረመ። ከዚያ ከአፉ ጭስ ወጣ። ከዚያ ዝም አለ። እኔ «ኢና ሊላሂ» ልል አፌን ስከፍት አባትሽ በመፍቻ እጄን መቱኝ፤ «ለብረት አይባልም!»

ሟቹ የሙዝ እርሻው የውኃ ፓምፕ ሞተር ነው። ሠላሳ የፈረስ ጉልበት። ፈረሶቹ በሙሉ አልቀዋል።

አባትሽ ደህና ናቸው። ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ፤ ግን መጀመሪያ ቢጻፍ ምን ይጥማል?

አሁንም በመሐላቸው እንደጸኑ ናቸው። አንቺ ያለፈቃዳቸው ከሄድሽ አምስት ዓመት፤ «ከፊቴ መጥታ ካልቆመች ድምጿን በስልክ አልሰማም፣ ወላሂ» ያሏት ቃል ንቅንቅ አላለችም። ደብዳቤ በመሐላው ውስጥ እንደሌለ ያገኘሁት ግን እኔ፣ ከስምንተኛ ክፍል የተባረርኩት የሕግ ዐዋቂ እንደሆንኩ አትርሺ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ፎቶ አንስቼ በስልክ እልካለሁ፤ የአንቺ ሲመጣ አሰፋሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ አነብላቸዋለሁ። ወረቀቱን ካልጨበጡ አያምኑም።

ዓይናቸውን ከጠየቅሽ፣ ግራው ጡረታ ወጥቷል። ቀኙ በኮንትራት ነው የሚሠራው። ትናንት የተቃጠለውን የሽቦ ጥቅል ያገኙት በአፍንጫቸው ነው።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ። ሰው ከውጭ ዘመዱ ጫማና ስልክ ይጠይቃል፤ እኔ አንድ ጣሳ ሙጫ እጠይቅሻለሁ። ሥራ ቦታሽ የምትቀላቅይውን ሙጫ እሳትም ጨረርም አይፈታውም አሉ። እኛ በሱቃችን የሞተሩን ጥቅል የምናጠጣው ቫርኒሽ የአዋሽን ግንቦት አይችልም፤ የጠቀለልነው ሞተር ሁሉ በዓመቱ እንደ ቅርብ ዘመድ ተመልሶ ይመጣል። አባትሽ ሙጫ አልጠየቁም። እሳቸው ያሉኝ «መቼ ትመጪያለሽ ብለህ እንዳትጽፍ» ነው። ስለዚህ አልጻፍኩም።

ጽሑፌ ከተጣመመ ጥፋቱ የመሬቱ ነው። ሰሞኑን ይንቀጠቀጣል፤ ይነሳል፣ ይቀመጣል።

የአክስትሽ ልጅ ሙእሚን

—

ኦሳካ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ጤናውን ለአብዬ፣ ልቡናውን ለአንተ ይስጥልኝ።

የመጀመሪያውን መስመር ያነበብኩት ባቡር ላይ ነው። መውረጃዬን ሁለት ጣቢያ አልፌ ሄድኩ። ያዳነኝ አንድ ነገር ትዝ ማለቱ ነው፤ በእኛ አገር ሰው ሲሞት «ሞተ» ብሎ የሚጽፍ የለም። ሦስት ሽማግሌ ተፈልጎ ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል እንጂ። እስከዚያ ድረስ የሚላከው ደብዳቤ ሁሉ «እኛ ደህና ነን» ነው የሚለው። ስለዚህ አንተ ሞት ስትጽፍልኝ ደህና መሆናችሁን ዐወቅሁ። ሁለተኛ ግን እንዳትሞክራት።

ሙጫውን መላክ አልችልም። በሰው ሻንጣ የሚሄድ ዕቃ አይደለም። አንዴ ከተቀላቀለ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ አያያዙን ያላወቀ ሰው እጅ ከገባ በጣሳው ውስጥ ራሱን በራሱ አግሎ ይጨሳል። ለአብዬ ግን ሥራዬን እንዲህ ብለህ አስረዳው። እኛም እዚህ ጠቅላዮች ነን። ማግኔት ማለት ጥቅል ነው፤ የእኛው ማግኔት አራት ፎቅ ቤት ያክላል። ሽቦው ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት የሚያሳልፈው ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ስድሳ ዘጠኝ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው። እንዲህ ያሉ ማግኔቶች በክብ ቆመው መሀላቸው ላይ የፀሐይን ዓይነት እሳት እንዲይዙ ነው የታሰበው። ከዚያ እሳት የሚወጣው ጨረር ግድግዳ ዘልቆ በሽቦዎቹ መካከል ያለውን ሙጫ ይበላዋል፤ ተራ ሙጫ ከሆነ እንደ ከረመ ቂጣ ይፈረፈራል። ስለዚህ ሌላ ግትር ሙጫ እናደባልቅበታለን። ጥቅሉን በመስታወት ጨርቅ ጠምጥመን፣ በብረት ሳጥን ዘግተን፣ አየሩን መጥጠን እናወጣና ሙጫውን ከታች ቀስ አድርገን እናስገባለን። ከዚያ ለቀናት ይጋገራል። ከደረቀ በኋላ መመለስ የለም። አየር የቀረባት ቦታ ካለች እዚያ ጋ ይሰነጠቃል፤ የስንት ዓመት ልፋት በእሷ በኩል ይሄዳል።

የእኔም ችግር እሱ ነው። ትንሽ ናሙና ሠርቼ ሁለት ጊዜ አየር ቀረብኝ። ሦስተኛው ከተበላሸ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

አብዬ ስለ እኔ ምን አለ ብዬ አልጠይቅህም።

ሀምዳ

—

አዋሽ ሰባት፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣ ለአራት ፎቅ ጠቅላይዋ፤ ሰላምታዬ እንደ ሚሌ ነፋስ ሳያቋርጥ ይድረስሽ።

ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። አራት ፎቅ ያክላል የሚለው ላይ ስደርስ መፍቻቸውን አስቀመጡ።

«ስንት ዙር ነው?» አሉኝ።

«አልጻፈችም።»

«ዙሩን የማይጽፍ ጠቅላይ! እኔ ነኝ ያበላሸኋት፤ ስትቆጥር አላረምኳትም።» ቀጠሉና፣ «አየር ቀረ ነው የምትለው?»

«ሁለቴ ቀረ ትላለች።»

 ከዚያ የድሮ ጥቅል አንስተው በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩ። «ጻፍ» አሉኝ። «ሙጫው ሞላ ስትይ አልሞላም። ደክሞት ነው የቆመው። ጨርቁ ገና እየጠጣ ነው። አቁሚ። ሁለት ረከዓ ስገጂ፤ ሳትቸኩዪ። ከዚያ እንደገና ግፊው።»

«ጃፓኖቹስ? እነሱ አይሰግዱም እኮ።»

«ይቀመጡ። ሻይ ይጠጡ። መጠበቅ ሃይማኖት አይጠይቅም።»

ይኸው ጻፍኩ። የፓምፑንም ሞተር እንዲሁ አጠጣነው፤ እኔ ዕረፍቷን በሩብ ረከዓ ላሳጥራት ስል በድጋሚ በመፍቻ ተመታሁ።

እውነቱን ልንገርሽና ደብዳቤሽ ደረቅ ነው። እንደ ዕቃ ማስረከቢያ ነው የምትጽፊው። ስለዚህ ሳነብ ትንሽ ቅቤ ጣል አደርግበታለሁ። «አብዬ የኔ ጌታ፣ እጅህን እስማለሁ» የሚለው የእኔ ነው። ራሳቸውን ይነቀንቁና «እስቲ ያቺን ቦታ ድገማት» ይሉኛል። ስደግማት ትንሽ ትረዝማለች።

አሁን ቀልድ የሌለበት ቦታ ደርሰናል፤ አፌን ጠርጌ ልጻፍ። ባለፈው ሳምንት በሾፌሩ በመለሰ መኪና፣ ጅቡቲ በሚመላለሰው፣ ሰመራ ድረስ ወሰድኳቸው። ከገዋኔ ጀምሮ እስከ ሚሌ መለሰን መንዳት ሲያስተምሩት ነበር፤ መንገዱን በደንብ ሳያዩት። ሐኪሙ የዓይን ሞራ አይደለም አለ። የዓይን ግፊት ነው።

«ስንት ባር ነው?» አሉት፣ የፓምፕ ግፊት እንደሚለካ።

ሐኪሙ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወ። የጠፋው አይመለስም፤ የቀኙን ግን ቀዶ ጥገና ቢደረግለት ባለበት ማቆየት ይቻላል አለ። የሚሠሩት ሐኪሞች ግንቦት 25 ሰመራ ይመጣሉ፤ ለሦስት ቀን ብቻ። ካለፋቸው እስከሚቀጥለው ዙር የሚቆይ ብርሃን የለም። አባትሽ «አስብበታለሁ» ብለው ወጡ። መኪና ላይ ግን ለመለሰ እንዲህ ሲሉት ሰማሁ፦ «ዓይኔን ሲቀዱት በሩ ላይ የሚቆም የራሴ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።» እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ነበር፤ የራስ ሰው አልተባልኩም ማለት ነው።

እንግዲህ እንዳልጽፍ የተከለከልኩትን እጽፋለሁ። መቼ ትመጪያለሽ?

ሙእሚን

—

ኦሳካ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም። መልሴ ስለዘገየ አፉ በለኝ። ስለ ዓይኑ ያነበብኩ ዕለት ልጽፍ ተቀምጬ አንድም መስመር አልወጣልኝም፤ በማግስቱም እንዲሁ።

ሦስተኛውን ናሙና አብዬ እንዳለው አደረግሁት። መሣሪያው «ሞልቷል» ሲል አስቆምኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሁለት ረከዓ የሚያክል ጊዜ ጠበቅን፤ እኔ በልቤ ሰገድኩ፣ እነሱ ሰዓታቸውን አዩ። እንደገና ስንገፋው ግማሽ ሊትር ገባ። ሞልቷል ብለን ልንተወው የነበረው! ናሙናው ከተጋገረ በኋላ ቆርጠን በማጉያ አየነው፤ አንዲት ቀዳዳ የለችበትም።

አለቃዬ ከየት አመጣሽው አለኝ። «ከቤት» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። በሪፖርቱ ላይ «የዕረፍት ደረጃ» ተብሎ ተጽፏል። የሰው ስም የለበትም። የእኔም የለበትም፤ የአብዬንም ላስገባ ብዬ አፌን አልከፈትኩም። ለምን እንዳልከፈትኩ አትጠይቀኝ።

አሁን የምጽፈውን በጥንቃቄ አንብብ። ለአረፋ ልመጣ የአውሮፕላን ቀን መርጬ ነበር። ትልቁ ጥቅል ሙጫ የሚጠጣው በመስከረም ነበር። ናሙናው ስለተሳካ ቀኑን አቀረቡት፤ ከግንቦት 23 ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ ሆነ። ሙጫው መግባት ከጀመረ ቅልቅሉን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ለሌላ የሚተው አይደለም። ናሙናው ባይሳካ ኖሮ እመጣ ነበር። አብዬ ራሱ ነው ያስቀረኝ በለው፤ ወይም አትበለው፤ እሱን ለአንተ ትቼዋለሁ።

አለመምጣቴን ግን እንደጻፍኩት አንብብለት። ቅቤ እንዳትጨምር። ግንቦት 25 ሰመራ ይገኝ። እየተቆጣም ቢሆን ይሂድ። በሩ ላይ አንተ ቁምለት።

ሀምዳ

—

አዋሽ ሰባት፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለሀምዳ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። አባትሽም ደህና ናቸው። ሰላም ብለውሻል። ሞተሩም ደህና ነው። ሙቀቱ ትንሽ ጨምሯል። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ሙእሚን

—

ኦሳካ፣ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙእሚን፣ ማን ሞተ?

ሰላምታ አላስቀደምኩም፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ለሥራው ስንዘጋጅ ነው። ቀልድ የሌለበት ደብዳቤ ልከህልኝ አታውቅም። ሃያ ጊዜ አነበብኩት። «ሌላ አዲስ ነገር የለም» ማለት ምን ማለት ነው? አንተ አዲስ ነገር ሲጠፋ ፈጥረህ የምትጽፍ ሰው ነህ። ስልክህ ይጠራል፣ አታነሳም። አሰፋሽ ጋ ደወልኩ፤ «ደህና ናቸው» ብላ ቶሎ ዘጋችብኝ። እኔም የእናንተው አገር ልጅ ነኝ፤ «ደህና ናቸው» እንዴት እንደሚባል ዐውቃለሁ።

ጥቅሉ ጠጥቷል። ሦስት ቀን ከአጠገቡ ሳልለይ። በመሀል አብዬ እንዳለው ቆምን፤ በዚያች ዝምታ ውስጥ ሁሉም ሰው መሣሪያውን ሲያይ እኔ የቤቴ በር እስኪንኳኳ ነበር የምጠብቀው። አሁን ምድጃ ውስጥ ነው። ተሳክቷል ይላሉ። እንኳን ደስ አለሽ ብለው አበባ ሰጡኝ።

አብዬ ሰመራ ሄደ? ዓይኑ ላይ ፋሻ አድርጎ የተነሳውን ፎቶ ላክልኝ። ሌላ ምንም አትላክ። ፎቶውን ብቻ።

ሀምዳ

—

አዋሽ ሰባት፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀምዳ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰው አልሞተም። ሽማግሌ አልተላከብሽም፤ በርሽ ከተንኳኳ ጎረቤት ነው፣ ክፈቺ።

ፎቶው የለም። ፋሻውም የለም።

የሚያዝያውን ደብዳቤሽን ይዤ ገባሁ። አባትሽ ወንበራቸውን ወደ በሩ አስጠግተው ተቀመጡና ወረቀቱን ዳስሰው መለሱልኝ። ናሙናው ተሳካ የሚለውን አነበብኩ። ሳቁ! ስንት ዘመን ሳይስቁ! «ግማሽ ሊትር!» እያሉ ጭናቸውን መቱ። «ከቤት» ያልሽውን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ እሱን ምንም አልቀባሁትም፤ የአንቺው ነው። እንግዲህ ቀጥሎ ያለው መስመር አለመምጣትሽ ነበር። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ፊታቸው እንደ ልጅ ሆኗል። አፌ ከዓይኔ ቀደመ።

«ለአረፋ እመጣለሁ» ብዬ አነበብኩ።

«ድገማት» አሉኝ።

ደገምኳት።

አንድ ሳምንት ይደሰቱባትና ከዚያ «ሥራ ገጠማት» እላለሁ ብዬ ነበር። ግን በማግስቱ ኖራ አስመጥተው የሱቁን ግድግዳ አስቀቡ። በሦስተኛው ቀን ለከተማው ሁሉ አወሩ። ሙጫው ሳይደርቅ ማቆም ነበረብኝ፤ ደረቀ። ወር አቅማምቼ ነው ያቺን የግንቦት 10 ደብዳቤ የጻፍኩልሽ። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

አረፋ የሰመራው ቀጠሮ በገባ በአራተኛው ቀን እንደሚውል አልቆጠርኩም። እሳቸው ግን ቆጣሪ ናቸው። ግንቦት 24 ማታ መለሰ መኪናውን ሳያጠፋ በሩ ላይ ቆመ።

«ሼህ ሞተር፣ ይውጡ እንጂ! ጠዋት ሰመራ መድረስ አለብን።»

«አልሄድም። ልጄ በአምስት ቀን ውስጥ ትመጣለች፤ ቤት ዘግቼ ልጠብቃት?»

«አባቴ፣ ሐኪሞቹ ልጅዎን አይጠብቁም።»

«ሰመራም ሆነ አዲስ አበባ እሷ ትወስደኛለች። በሩ ላይ እሷ ትቆማለች።»

መለሰ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ እንኳ ንገራቸው እንጂ!» አለኝ። መፍቻ ይዤ ቆሜ ነበር። ሀምዳ፣ እኔ ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ታውቂኛለሽ። ያን ዕለት ግን ጎንበስ ብዬ የጠበቀ ብሎን እንደገና ማጥበቅ ጀመርኩ።  መለሰ ሄደ፤ የጭነት መኪና ከርቀትም ይሰማል፣ ድልድዩን እስኪያልፍ ሰማሁት።

በአረፋ ዕለት ሰግደው መጥተው፣ አዲሱን ጀለቢያ እንደለበሱ አስፋልቱ ዳር ወንበር አስወጡ። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር «ማን ወረደ?» ይሉኛል። እኔም የወረደውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ ነጋዴ፣ ወታደር፣ ፍየል ያቀፈች ሴት። መግሪብ ሲደርስ «አውሮፕላኑ ዘግይቶ ይሆናል» አሉና ወንበራቸውን ራሳቸው ተሸክመው ገቡ።

በሦስተኛው ቀን ነገርኳቸው። በመፍቻ ይመቱኛል ብዬ እጄን ዘርግቼ ነው የነገርኳቸው። አልመቱኝም።

«ቅቤውን ሁሉ ዐውቀው ነበር» አሉኝ። «ልጄ የኔ ጌታ ብላኝ አታውቅም፤ እሱ የእናትህ አፍ ነው። ደስ ስለሚለኝ ነው ዝም የምልህ።»

«የአረፋዋንስ?»

«የአረፋዋን ማመን ፈለግሁ።» የዘረጋሁትን እጄን ወደ እኔ መለሱት። «እውነቱን አንብበህልኝ ቢሆን እናደድ ነበር። የተናደደ ሰው መኪና ላይ ይወጣል።»

ወዲያው ሰመራ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሞቹ ከሄዱ ሳምንት ሊሆናቸው ነበር። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሐኪም፣ ሁሉንም ሞከርኩ፤ ሰኔ ሳያልቅ የቀኙም ዓይን ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ። አሁን በበር የሚገባውን በእግሩ ድምፅ ነው የሚያውቁት። ሞተር ግን ይጠቀልላሉ፤ ዙሩን በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ እንደ እኔ አይሳሳቱም። የፓምፑም ሞተር ግንቦትን ቻለ። ሙዙ ውኃ ይጠጣል።

አሁን መልእክታቸውን ልጻፍ። እንደተናገሩት ነው፤ ቅቤ የለበትም።

«መሐላዬን ፈትቻለሁ። ለማካካሻው፣ ለከፋራው፣ ሦስት ቀን ጾሜያለሁ፤ ትናንት ጨረስኩ። በዓይኔ የማላያትን ልጅ ድምጿንም ልከልከል? ትደውል። ሙጫው ጥሩ እንደጠጣ ራሷ ትንገረኝ። ዙሩን ግን ቆጥራ ትንገረኝ።»

ባለ ቁልፍ ስልክ ገዛሁላቸው። አረንጓዴዋን ቁልፍ በጣታቸው እንዲያገኟት የቫርኒሽ ጠብታ አደረግሁባት። አንዴ አንጠባጥቤ ጠበቅሁ፤ እሳቸው ከጎኔ ሁለት ረከዓ ሰገዱ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ጨመርኩ። አየር አልቀረባትም። ቁጥሩን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌያለሁ። ስልኩን ከእጃቸው አያወርዱም።

እንግዲህ የአንባቢነት ሥራዬ አበቃ። ከዚህ በኋላ እኔ መሀላችሁ የለሁም፤ ብትስቁም ብትጣሉም በራሳችሁ አፍ ነው። መለሰ እስካሁን ሰላም አይለኝም፤ ሱቁ ደጃፍ ሲደርስ ጡሩምባ ነፍቶ የሚያልፈው ለአባትሽ ነው። አሰፋሽም ወረቀት ልገዛ ስገባ ቀና ብላ አታየኝም። ከተማው ሁሉ ሰው የገደልኩ አስመሰለው።

ነገሩ ግን ሲቆጠር፣ ወላሂ፣ ትንሽ ነው። ሰው አልሞተም፤ ቤት አልተቃጠለም። ቅቤውን ሳንቆጥር፣ ካነበብኩት ሁሉ የጨመርኩት ሁለት ቃል ብቻ ነው።

ሙእሚን